መስኮት የሸፈነው መፈክር

ከአሰላ ብዙም በማትርቅ ትንሽ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ ጡረታ የሚወጡት ኃላፊ ቁልፉን እያስረከቡኝ፣ «መጻሕፍቱን ቀስ ብለሽ ትለምጃቸዋለሽ። አንቺ ብቻ ጠዋት ጠዋት መስኮቶቹን ክፈቺ» አሉኝ። ስለ ካታሎግ ስጠብቅ ስለ መስኮት ሲነግሩኝ በሆዴ ሳቅኩባቸው።

ቤቱን የሠሩት ሰዎች ግን መብራት እንደሚጠፋ አስቀድመው ያወቁ ይመስላሉ። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። የኋላው በመደርደሪያ የተሞላ ስለሆነ መስኮት ያለው በመንገዱ በኩል ብቻ ነው። መስኮቶቹ ከጠረጴዛ ከፍታ ተነስተው ጣሪያውን ሊነኩ ምንም አይቀራቸውም። በክረምት እንኳ ያለ አምፖል ይነበባል።

ከዓመታት በኋላ አቶ ደረጀ የሚባሉ ኃላፊ ተሾሙልን። መጽሐፍ ሲገልጡ አይቻቸው አላውቅም፤ መፈክር በማሰቀል ግን የሚያህላቸው አልነበረም። ትልቅ እንግዳ ይመጣሉ ሲባል፣ «የንባብ ባህላችንን እናሳድግ!» የሚል ሸራ መስኮቶቹን በሙሉ ሸፍኖ ተሰቀለ። እንግዳው ቀሩ፤ ሸራው እዚያው ከረመ።

«አሁንስ ይውረድ» ብላቸው፣ «ወይዘሮ አልማዝ፣ የንባብ ባህል ይውረድ ነው የሚሉት?» አሉኝ።

መብራት በጠፋ ቁጥር አንባቢው እየተነሳ ይሄድ ጀመር። ከሲሬ መጥታ፣ ቤት ተከራይታ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና የምትዘጋጀው ጫልቱ ብቻ በረንዳው ላይ እየተንቀጠቀጠች ታነባለች።

«ማሎ፣ እባክዎ እትዬ አልማዝ፣ ያንን ጨርቅ ያንሱልኝ! ፈተናው ደረሰ እኮ» ትለኛለች።

አቶ ደረጀ ጭራሽ «አንባቢ የለም» ብለው አዳራሹን መጋዘን ሊያደርጉት አሰቡ።

እንግዳው በመጨረሻ ሊመጡ ሆነ። አቶ ደረጀ ወንበር በረንዳው ላይ ሲያስደረድሩ፣ «ለእንዲህ ያሉ ሰው በረንዳ? ነውር አይሆንም?» አልኳቸው። ደንግጠው ወንበሮቹን ወደ አዳራሹ አስገቡ። የእንግዳውን ጠረጴዛ ከሸራው በፊት ጫልቱ ትቀመጥበት በነበረው ቦታ ራሴ አኖርኩ። የቀረውን ለመብራቱ ተውኩት፤ አላሳፈረኝም።

እንግዳው ስለ ንባብ ጥቅም የተጻፈላቸውን ንግግር ገና ከመጀመራቸው ጨለመ። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፤ መልሰው አራቁት።

«እዚህ ቤት ሰው እንዴት ነው የሚያነበው?» አሉ።

አቶ ደረጀ ብድግ ብለው፣ «ይሄን ሸራ ማነው የሰቀለው? አሁኑኑ አውርዱት!» ብለው ጮኹ።

በማግስቱ ጫልቱ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። የመጋዘኑ ነገርም ቀረ። አቶ ደረጀ «ለአንባቢያን ምቹ ሁኔታ በመፍጠር» የምስክር ወረቀት ተሸለሙ።

እናንተ ቁልፉን የተረከባችሁ ልጆች፣ መስኮት ላይ የሚሰቀል ነገር ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። መጀመሪያ ሰውየውን ውስጥ አስቀምጡና መስኮቱን ጋርዳችሁ አንድ ገጽ አስነብቡት።