የፍልሰታ ጎመን

ጎመን መቀንጠስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው ብል የሚስቅብኝ አይጠፋም። ይሳቅ። የሚስቀው ሸዋዓለም ስትቀነጥስ ያላየ ሰው ነው። ከታች ያረጀውን ቅጠል ትተወዋለች፤ እሱ ለጥጃ ነው። ከላይ ያለውን ለጋ ቀንበጥም አትነካውም፤ እሱ ለሚቀጥለው ሳምንት ነው። ከመካከል ያለውን ሰፊውን ቅጠል ይዛ በአውራ ጣቷ ወደ ታች ጫን ስታደርገው ቀጭ ብሎ ይለቃል እንጂ ግንዱን አይልጠውም። እንዲህ የተቀነጠሰ ጎመን ክረምቱን ሙሉ ይሰጣል። በችኮላ የተመለጠው ግን ፍልሰታ ሳይገባ ግንዱ ብቻ ቀጥ ብሎ ይቀራል።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ወረታ ያኔ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፍ የጭነት መኪና ሻይ ለመጠጣት የሚቆምባት ትንሽ ከተማ ነበረች። መንገዱን ይዘው የቆሙት ቤቶች ቆርቆሮ ለብሰዋል፤ ከበስተኋላ ያሉት የሣር ናቸው። ሸዋዓለም ከኋለኞቹ በአንዱ ለብቻዋ ትኖራለች። ተወልዳ ያደገችውም፣ ያገባችውም ቁሐር ሚካኤል ነው። ባሏን፣ አቶ ያየህን፣ የወባ ንዳድ ገደለባት። ልጅ አልነበራቸውምና መሬቱን ወንድሞቹ ያዙት። እሷም የደረሷትን ላሞች ሸጠች፣ ወረታ መጥታ ጎጆ ቀለሰች፣ ጥጥ እየፈተለች መኖር ጀመረች። ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፏታል።

በጋውን ደህና ነበረች። የቁሐር ሰው ገበያ ሲወጣ ጎራ ይላል፤ የእገሊት ልጅ አገባች፣ የእገሌ በሬ ሞተ እያለ ያወራላታል። ክረምት ሲገባ ግን የርብና የጉማራ ወንዞች ይሞላሉ፣ ሜዳው ውኃ ይለብሳል፣ መንገዱም ይቆረጣል። ውኃው እስኪጎድል ድረስ ዘመድ የሚባል ደጇን አይረግጥም። ዝናቡ ይዘንባል፣ እንዝርቱ ይሾራል፣ ሸዋዓለም ለብቻዋ ትበላለች። ይኸ ለብቻ መብላት ነው የገደላት። ጾሙንም፣ ድህነቱንም፣ እርጅናውንም ችላዋለች። ከመሶቧ ወዲያ ማዶ ሰው አለመኖሩን ግን መልመድ አቃታት። የምትፈልገው አንድ ሰው ገብቶ ቁጭ እንዲልላት ብቻ ነበር። እሱን ለሰው እንዴት ብለው ይናገሩታል? አልተናገረችም።

በመጨረሻ ያሰበችው በጎመኑ በኩል ነው። የወረታ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ የጎመኑ ሥር ይበሰብስና ቅጠሉ ይወይባል። የከተማዋ ሴቶች ከሐምሌ ወዲያ ጓሯቸውን ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። ሸዋዓለም ደግሞ የውኃ አገር ልጅ ናት። በግንቦት አፈሩን ቆልላ ከፍ ያለ መደብ ትሠራለች፣ ዙሪያውን ቦይ ትቀድለታለች፣ አመድና ፍግ ታለብሰዋለች። ነሐሴ ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ጭቃ ሆኖ የሷ ጓሮ ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። ነሐሴ መግቢያው ደግሞ ፍልሰታ ነው። ሥጋው የለ፣ ወተቱ የለ፤ ሰው ሽሮ ሰልችቶት አፉ መርሮታል። ለጎመን ሲል የማይመጣ ጎረቤት የለም ብላ ተማመነች።

በመጀመሪያው ዓመት ቤቷን ጠረገች፣ አጎዛውን አነጠፈች፣ ጎመኑን በእንቅብ ሞልታ በአጥሩ ላይ ጸሐይነሽን ተጣራች። ጸሐይነሽ የቅርብ ጎረቤቷ ናት፤ ወጣት፣ የልጆች እናት፣ እጇ ከሥራ የማይለይ። ሮጣ መጣች።

«ውይ! በዚህ ጭቃ እንዴት ያለ ጎመን ነው እመት ሸዋዓለም? ስንት ነው የሚሉት?»

ሸዋዓለም «ግቢና አብረን እንቅመሰው» ልትል ነበር የተዘጋጀችው። ቃሉን ከቅዳሜ ጀምራ ስታጠናው ከርማለች። ይኸ የዋጋ ጥያቄ ግን ፊቷን በጥፊ እንደ መታት ሆነባትና ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት።

«ኧረ ምን ነካሽ አንቺ! ጎመን ልሸጥልሽ ኖሯል? ለእመቤቴ ነው!» አለች፤ ተቆጣች እንኳ።

በእመቤታችን ጾም ከጎረቤት ዋጋ አልቀበልም ማለቷ ነበር። ጸሐይነሽ ግን ወዲያው ሳቋን ዋጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንቅቡን በሁለት እጇ ተቀብላ እጅ ነሣች። «ትቀበልልዎ» ብላ ሄደች። ማታውን እንቅቡ ታጥቦ ተመለሰ። ባዶውን።

ባዶ ዕቃ መመለስ በዚያ አገር ምን ማለት እንደ ሆነ ለማያውቅ ልንገረው። ጎረቤት የሰደደልህን ዕቃ ስትመልስ ብታጣ ብታጣ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ሁለት ቃሪያ ጣል ታደርግበታለህ። ባዶውን የሚመልስ ሰው ወይ ስድ ነው፣ ወይ ተጣልቷል። ሸዋዓለም እንቅቡን ገልብጣ አየችው፣ ደግማ አየችው። በማግሥቱ ግን እንደገና ሞላችው፤ ምን ታድርግ፣ ሌላ መንገድ አላወቀችም።

ወሬው ደግሞ ተሰማ። ደብሬ መጣች፣ አመተ ሥላሴ መጣች፣ የታችኛው ሰፈር ሴቶችም መጡ። ሁሉም አጥሩ ጋ ይቆማሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ፣ ይቀበላሉ፣ «ትቀበልልዎ» ብለው ነጠላቸውን ተከናንበው ይመለሳሉ። «ግቡ እንጂ» ስትላቸው «ኧረ የለም፣ የለም» እያሉ በጭቃው ላይ ሊወድቁ እስኪደርሱ ይሸሻሉ። እንቅቡ ሁልጊዜ ባዶውን ይመለሳል። በዚያ ዓመት እንዲሁ፣ በሁለተኛውም ዓመት እንዲሁ። አጎዛው ተነጥፎ ይውላል፤ ማታ እሷው ራሷ ታጥፈዋለች። «ጎመኔን እንጂ እኔን አይፈልጉኝም» አለች በልቧ። ምን እንዳደረገቻቸው ብታስብ ብታስብ አልመጣላትም። ንፍገት እንዳይባል እጇ አልተሰበሰበም፤ ምላስ እንዳይባል ማንንም አላማችም። አንዳንድ ቀን እየቀነጠሰች ታለቅሳለች። ዝናብ ስለሆነ አያስታውቅም።

ዕቃዋን ባዶውን የማትመልስ አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ ቱርኪያ። ቱርኪያ ከመንገዱ ማዶ ሱቅ ያለው የጀላል ሚስት ናት። እስላምና ክርስቲያን የበሰለ ነገር አይጋራም ነበር፤ ጥሬ ጎመን ግን የማንንም ደጅ ያልፋል። ቱርኪያ እንቅቡን ስትመልስ ጨው በወረቀት ጠቅልላ ታደርግበታለች። ለመቀመጥ ጊዜ የላትም፤ ከሱቋ በር ሆና «ሸዋዬ፣ በርቺ!» ብላ ትጮህና ወደ ሚዛኗ ትመለሳለች። ያቺ የጨው ጥቅልል ለሸዋዓለም ምን እንደ ነበረች ጨው የሰጠችው ሴትም አላወቀችም።

በሦስተኛው ፍልሰታ አጋማሽ ላይ ቱርኪያ ራሷ እንቅቡን ይዛ መጣች። ደጅም አልቆመች፤ ቤት ገብታ መደቡ ላይ ቁጭ አለች። ሸዋዓለም የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። የእንግዳዋ ፊት ግን ልክ አልነበረም።

«ሸዋዬ፣ አውፍ በይኝ። በድዬሻለሁ» አለች ቱርኪያ።

«አንቺ? አንቺ ደግሞ ምን በደልሽኝ?»

«ስለትሽን አበላሸሁብሽ። ወላሂ አላወቅሁም! የእናንተን ሥርዓት እኔ ከየት ልወቀው? ትናንት ላንቺ ጨው ስጠቀልል ጸሐይነሽ አየችኝና ተቆጣችኝ። 'የስለት ዕቃ ባዶውን ነው የሚመለስ፤ ብድር ከተመለሰበት ስለቱ አይሰምርም' አለችኝ። እኔ ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ጨው ስጨምርበት!»

«የምን ስለት?»

«የጎመኑ ነዋ! ለማርያም የተሳልሽው። ራስሽ ነሽ አሉ የነገርሻት፤ ለእመቤቴ ነው ብለሽ።»

ቱርኪያ ቀጠለች። ሰፈሩ የስለቱን ነገር ሲመረምር ነው የከረመው። አንዷ ለባሏ ነፍስ ነው ብላለች። ደብሬ ልጅ ብትለምን ነው ብላለች፤ በዚህ ዕድሜዋ ቢሏት፣ ሣራስ በእርጅናዋ ወልዳ የለ ብላ አፋቸውን አስይዛለች። ጎመኑን ለመስጠት ካልሆነ ከሰው የማትገናኘው ሱባኤ ይዛ ነው፤ እንዲህ ያለች ሴት ቤት ገብቶ ወሬ ማውራት ደግሞ ኃጢአት ነው ተባብለው፣ ልጆቻቸውን ሳይቀር በዚያ በኩል አትጩኹ እያሉ ኖረዋል።

ሸዋዓለም ሳቀች። ሳቁ መሐል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ። ቱርኪያ ምን እንደ ተናገረች ግራ ገብቷት ስትመለከታት ጀላል ከማዶ ተጣራ፤ መኪና ቆሞ ዕቃ ፈላጊ በዝቶበታል። «በቃ አይዞሽ፣ ከእንግዲህ ባዶውን ነው የምመልስልሽ» ብላ ጉልበቷን ነካ አድርጋት እየሮጠች ወጣች። የክረምቱ ብቸኛ እንግዳዋ ያቺ ነበረች፤ እሷም ያችኑ ጨው ነጥቃት ሄደች።

በማግሥቱ ጠዋት ጸሐይነሽ እንደ ልማዷ አጥሩ ጋ ስትመጣ ሸዋዓለም እንቅቡን ይዛ ጠበቀቻት። «ለእመቤቴ» ብላ የሰጠችውን ነገር የእመቤቴ አይደለም ማለት ያስፈራል። እሷም ፈርታለች።

«ጸሐይነሽ፣ ስማኝማ ልጄ። እኔ ስለት የለብኝም። ኖሮብኝም አያውቅ። ጎመኑን የምሰጥሽ እንድትገቢልኝ ብዬ ነው። ብቻዬን ሆኜ ተቸገርሁ።»

ጸሐይነሽ ክው አለች። ብቸኝነቱን የሰማችው አይመስለኝም፤ የሰማችው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። «ስለት አይደለም? ታዲያ ይኸን ሁሉ ዓመት የሰው ልፋት በነጻ ስንበላ ነው የከረምነ? ዕቃዎን ባዶውን እየመለስሁ? ወይኔ ጉዴ!» አለች። ፊቷ በኀፍረት ቀላ፣ እንቅቡንም ሳትቀበል ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ጋ የሚመጣ ጠፋ። ድሮስ ቢሆን «ትቀበልልዎ» የሚላት ነበር፤ አሁን እሱም ቀረ። መንገድ ላይ ሲያገኟት አንገታቸውን ደፍተው ያልፋሉ። መካከለኛው ቅጠል አረጀ፣ ለጋውም ሰፍቶ ጠነከረ፣ የሚቀነጥሰው የለም። እውነት መናገር መልካም ነው ይባላል። ለሸዋዓለም በዚያ ሳምንት ምን ጠቀማት? እኔ በበኩሌ ምንም አላየሁም።

ፍልሰታ ሲፈታ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ከቅዳሴ ስትመለስ ደጇ ላይ ዕቃ ተደርድሯል። ቅቤ በቅል፣ እንቁላል በጭድ ታሽጎ፣ አንድ ድስት ወጥ፣ ጓያ በቁና፣ እግሯ የታሰረ ዶሮም ሳትቀር። ሰፈሩ ተመካክሮ የሦስት ዓመት ብድሩን በአንድ ቀን መለሰ። ጸሐይነሽ የመጨረሻውን አስቀምጣ ስትሸሽ ከአጥሩ ማዶ ጀርባዋን ብቻ አየችው። ብድር ተከፍሎ አለቀ፤ ከእንግዲህ ማንም ከማንም የሚፈልገው የለም። ሸዋዓለም በዕድሜዋ ያን ያህል ምግብ ቤቷ ገብቶ አያውቅም። ወጡን አቅርባ አንድ ጊዜ ጎረሰችና መሶቡን ከደነችው።

ተቀምጣም አሰበች። ለካ ለሁሉም ስትሰጥ ኖራለች እንጂ አንድ ቀን እንኳ የማንንም ደጅ አንኳኩታ አምጡልኝ ብላ አታውቅም። ወንፊት አልተዋሰችም፣ እርሾ አልለመነችም። ባሏ የሞተባት ሴት እጇን ዘረጋች እንዳይባል ነበር ኩራቷ። ካንተ ምንም ከማይፈልግ ሰው ቤት ምን ብለህ ትገባለህ?

ተነሣች። በቅል ውኃ ቀዳችና ምድጃዋ ውስጥ የሚነደው እሳት ላይ ቸለሰችው። ጢሱ ቤቱን ሞላው፣ አስነጠሳት። ፍም ቀርቶ እንደ ሆነ ብላ አመዱን በእንጨት በተነችው፣ አንድ ቦታ ቀይ ነገር ብታይ እሱም ላይ ደገመችበት። ከዚያ ከተሰበረ ድስት የቀረ ገል አነሣች፣ ነጠላዋን ተከናንባ በካፊያው ወጣች። በጀላል ሱቅ ክብሪት ሞልቷል፤ ቱርኪያም በሩ ላይ ቆማለች። ሰላም ብላት አለፈች።

«ጸሐይነሽ! እሳት ጠፋብኝ። እስቲ ፍም ጫሪልኝ» አለች በሩ ላይ ቆማ።

ጸሐይነሽ መጀመሪያ ደነገጠች፤ ቀጥሎ ግን የሰው ቤት እሳት ጠፋ ከተባለ ኀፍረትም፣ ብድርም ይረሳል። «ውይ በሞትሁት፣ በዚህ ብርድ! ይግቡ፣ ይግቡ፣ ነጠላዎ ረጥቧል» ብላ ጎትታ አስገባቻት፣ በርጩማ ሰጠቻት፣ ልጆቿን ገፋ ገፋ አድርጋ ከእሳቱ አጠገብ አስቀመጠቻት። ገሉን ተቀብላ ደህና ደህናውን ፍም መርጣ ሞላችላት። ሸዋዓለም ገሉን ተቀበለች። አልተነሣችም።

«እንዴት ጠፋብዎ ግን?» አለች ጸሐይነሽ። «የእርስዎ ቤት እሳት እኮ በምንም አይጠፋም። ጢሱን እኔ ከዚህ ሆኜ ነው የማየው፣ በየጠዋቱ።»

ሸዋዓለም ውሸት ልትፈልግ ሞከረች፤ ጣራው አፈሰሰ ልትል ነበር። ይህችኑ ሴት ያ «ለእመቤቴ ነው» ያለችው አንድ ቃል ሦስት ዓመት እንዳራቀባት አስባ ተወችው።

«እኔ ነኝ ውኃ ያፈሰስሁበት» አለች።

ጸሐይነሽ ትኩር ብላ አየቻት፤ ዓይኗ እንባ ሲያቀር ታየ። ከዚያ ገሉን ከእጇ ላይ ቀስ ብላ ወሰደችና ፍሙን መልሳ ወደ ራሷ ምድጃ ገለበጠችው።

«እንግዲያውስ አይቸኩሉ» አለቻት፣ ገበታውንም ወደሷ ሳበችው።