«አትተንፍሱ» እና ከዘር የበቀለችው ጽጌረዳ

የአክስቴን ባል ሰፈሩ የሚያውቃቸው «አትተንፍሱ» በሚል ቅጽል ስም ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በቤታቸው የፊት ክፍል ጉርድ ፎቶ ሲያነሱ ኖረዋል። ከተማሪ እስከ ሾፌር መታወቂያ ያስፈለገው ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ቁልፉን ከመጫናቸው በፊት ለሕፃኑም ለሽማግሌውም አንድ ቃል ነው ያላቸው፦ «አትተንፍሱ»። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። አክስቴን አንቺ እያልኩ ባሏን አንቱ ማለቴ ሰውን ያስቀዋል፤ አሥር ዓመት አብሬያቸው ኖሬም አፌ አልተቃናም።

ስለ ጋሼ ሙያ አንድ ምስጢር ላውጣ። በአርባ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ካሜራ አስተካክለው አያውቁም። ደንበኛ የሚቀመጥበት በርጩማ በአራት ሚስማር ወለሉ ላይ ተመትቷል። የካሜራው ማቆሚያም ካለበት ንቅንቅ አይልም፤ ሌንሱ እንዳይዞር በፕላስተር ተጠምጥሟል። ሙያውን ያስተማሯቸው ሰው አንድ ጊዜ ለክተው እንዲህ አድርገው ሰጧቸው፣ ጋሼም አልነኩትም። እሳቸው ጋ የሚስተካከለው ሰው ነው፤ ቀና በል፣ አገጭህን ዝቅ፣ አትተንፍሱ፣ አለቀ። ፎቶውም ሁልጊዜ ጥርት ያለ ነበር። በኋላ ሰው ሁሉ ራሱን በስልክ ማንሳት ሲጀምር ደንበኛው ቀረ፣ ክፍሉም ተዘጋ። በርጩማው ግን እንደተቸነከረ ነው።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ከሁለት ዓመት በፊት መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታት፣ ቀጥሎ የሰው ፊት ይጠፋት ጀመር። ሐኪሙ የዓይኗ መሐል መጎዳቱን፣ የሚያየው ዳር ዳሩ ብቻ መሆኑን፣ መነጽርም እንደማይረዳት ነገራት። ሰው ሲያናግራት ፊቷን ወደ ጎን የምታዞረው ለዚህ ነው፤ የማያውቃት የናቀችው ይመስለዋል።

ዓይኗ ከመድከሙ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ከጓሮው አሮጌ ጽጌረዳ ፍሬ ለቅማ ዘርታ ነበር። ጽጌረዳ በቅርንጫፍ ሲተከል እናቱን ይመስላል፤ ከዘር ሲበቅል ግን ምን ሆኖ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ከዘራቻቸው አንዷ ብቻ በቀለች። አክስቴ እንደ ልጅ አሳደገቻት፣ ሦስት ዓመትም ጠበቀቻት። ባለፈው ወር ጽጌረዳዋ አንድ እምቡጥ ያዘችና ማክሰኞ ጠዋት ፈነዳች።

ያኔ ጭቅጭቁ መጣ። ምን ትመስላለች ብላ አክስቴ ስትጠይቀን ጋሼ ቀይ ናት አሉ። እኔ ብርቱካናማ አልኩ። በአጥሩ በኩል አንገቷን ያሰገገችው ጎረቤታችን ደግሞ ሮዝ ናት ብላ ድርቅ አለች። አክስቴ ሦስታችንንም ሰምታ ጠጋ ብላ፣ ፊቷን አዙራ አየቻት። የሚታያት አንድ ብዥ ያለ ነጥብ ብቻ ነበር። ጎረቤታችን ልታጽናናት ብላ በሚመጣው ዓመትም ታብባለች አለቻት።

«አበባዋስ ታብባለች፤ እኔ በሚመጣው ዓመት የማየው ምን ያህል እንደሆነ ማን ያውቃል?» አለች አክስቴ።

ጋሼ ገብተው ልጃቸው ገዝቶ ከሞከረላቸው ወዲህ ከካርቶኑ ያልወጣውን ዲጂታል ካሜራ ይዘው ወጡ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ቀን ልጃቸው ያንኑ ካሜራ ሲሞክር የሸሚዝ ቁልፍ አንስቶ በቴሌቪዥኑ አሳይቶን ነበር። አክስቴ ያን ጊዜ የቁልፉን አራት ቀዳዳ ቆጥራለች። ጥርት ብሎ ከተነሳና በትልቁ ከመጣ ታያለች ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀረው አበባዋ ሳትረግፍ ጥርት ያለ ፎቶ ማንሳት ነው። ለአርባ ዓመት ባለሙያ ይህቺ ምን አላት?

የመጀመሪያው ቀን ጋሼ ሌንሱ አበባዋን እስኪነካ ተጠጉ። የኋላው ግድግዳ ከነስንጥቁ ጥርት ብሎ ወጣ፣ አበባዋ ግን ጭጋግ ሆነች። ሁለተኛው ቀን ነፋስ ነበር። ተንበርክከው «አትተንፍሱ» ሲሏት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ አበባ ግን አትታዘዝም። አምሳ ፎቶ አነሱ፣ አምሳውም ደብዛዛ። ፊታቸው ቅጭም ብሎ ገቡና እራታቸውን እንኳ በወጉ አልበሉም። ከአንድ የአበባዋ ቅጠል ጫፍ ቡኒ ነገር መጀመሩን ለአክስቴ አልነገርናትም።

ሦስተኛው ቀን እኔና አክስቴ ኩሽና ውስጥ ሳለን ከጓሮው አንድ ድምፅ ተሰማ፤ መቀስ ሲከፈት የሚያሰማው ነው። አክስቴ የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ቀጥ አለች። የልብስ ሰፊ መቀስ ከጨርቅ በቀር ምንም አይቆርጥም፤ በዚያ ቤት ወረቀት የቆረጠበት ሰው ወዮለት። ተከትያት ወጣሁ። ጋሼ የጽጌረዳዋን ግንድ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው መቀሱን ከፍተው ቆመዋል።

«ሰውዬ፣ መቀሴን አስቀምጥ» አለች አክስቴ።

«ቆርጬ በርጩማው ላይ ላስቀምጣት ነው» አሉ ጋሼ። «እዚያ ነፋስ የለም፣ ልኩም የታወቀ ነው። ላንቺው ብዬ ነው።»

«ሦስት ዓመት የጠበቅኳት ግንዷ ላይ እንዳለች ላያት ነው። አርባ ዓመት ሰው ሁሉ አንተ ጋ መጣ። አንድ ቀን አንተ ብትሄድ ምን አለበት?»

ጋሼ መቀሱን እጇ ላይ አስቀመጡና ወደ ፊት ክፍል ገቡ። ወዲያው ድብደባ ተሰማ። ተናደው አንድ ነገር የሚሰብሩ መስሎኝ ሮጥኩ፤ ስደርስ ግን ተንበርክከው በመዶሻው ጀርባ የበርጩማውን ሚስማር ይነቅላሉ። አራተኛው አልወጣ ብሎ እንጨቱን ትንሽ ሰነጠቀው። ግድ አልሰጣቸውም፤ በርጩማውን በብብታቸው ይዘው በፊቴ አልፈው ወጡ።

እኔ ደግሞ ማንም ያልከፈተውን የካሜራውን መመሪያ አነበብኩ፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም አይደል የሚባለው? ለቅርብ ፎቶ በካሜራው ራስ ላይ ያለውን መዘውር የአበባ ሥዕል ወዳለበት ማዞር ያስፈልጋል። ሥዕሉ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያው ነበር፤ ጋሼ ጌጥ መስሏቸው ኖሯል። ርቀቱም ከሃያ ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይላል። አክስቴ ይህን ስትሰማ የልብስ መለኪያ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች፤ መስፋት ብትተውም ሜትሩን አልተወችም። መዘውሩ ዞሮ ካሜራው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። የሜትሩን ጫፍ ሌንሱ ጋ ያዝኩላት፣ እሷ ሃያውን በጣቷ ዳሳ አበባዋ ጋ አደረሰችው። ከዚያ ነፋስ እንዳያወዛውዛት ግንዷን ከአበባዋ ሥር በሁለት ጣቶቿ ያዘች።

ጋሼ ቁልፉን ተጫኑ። ማንንም አትተንፍሱ አላሉም።

አበባዋ ቴሌቪዥኑ ላይ መጣች። አክስቴ አፍንጫዋ መስታወቱን ሊነካ እስኪደርስ ተጠግታ፣ ዶሮ ጥሬ እንደምታይ አንገቷን ሰበር አድርጋ ከዳር እስከ ዳር አየቻት። ጽጌረዳዋ ከመሐሏ ብርቱካናማ ናት፣ እየሰፋች ስትሄድ ትቀላለች፣ ጠርዟ ደግሞ ሮዝ ነው።

«ለካ ሁላችሁም ልክ ነበራችሁ» አለች። ቀጥላም «እዚህ ውስጥ እኮ ነዋሪ አለ» ብላ ጠቆመች። እውነትም በሁለት ቅጠሎች መሐል ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አረንጓዴ ሸረሪት ተቀምጣለች። ዓይን ያለን ሰዎች ሦስት ቀን አፍጥጠን አላየናትም ነበር።

ዓይኗ ወደ ፎቶው ግርጌ ወረደ። «ይሄ የማን ጣት ነው?» አለች። ያንቺ ነው አልኳት። መርፌ የወጋውን፣ የተሸበሸበውን ጣቷን ብዙ አየችው። ከዚያ ወደ ጋሼ ዞረች።

«ና በርጩማው ላይ ተቀመጥ። ፊትህን ካየሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ስትናገር የሚመጣብኝ የድሮው ፊትህ ነው።»

ጋሼ አይሆንም አሉ። ሸሚዛቸው ቆሻሻ መሆኑን፣ ጢማቸው አለመላጨቱን፣ በዚያ በርጩማ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተቀምጠው እንደማያውቁ ደረደሩ። እሷ ግን ወጥታ በርጩማው አጠገብ ቆማ ጠበቀቻቸው። ተቀመጡ። ካሜራውን እኔ ያዝኩ። አክስቴ ሜትሩን ከሌንሱ እስከ አፍንጫቸው ዘረጋች፣ አገጫቸውን በመዳፏ ዝቅ አደረገችና «አትተንፍስ» አለቻቸው።

ፎቶው ቴሌቪዥኑን ሞላው። አክስቴ ከግንባራቸው ጀምራ፣ በቅንድባቸው፣ በጉንጫቸው፣ በነጭ ጢማቸው እየወረደች ስታይ ጋሼ ከኋላዋ እንደ ደንበኛ ቀጥ ብለው ቆመዋል።

«አርጅተሃል» አለች። «ግን አንተው ነህ።»

ጋሼ ያን ጊዜ ተነፈሱ።