የግራ ጉንጯ

ሰፈርተኛው ፎቶ አጣቢውን «ማዲያት አጥፊው» ይለዋል። ስልኩን ይዞ ፎቶ ሊያሳጥብ የገባ ሰው ሁሉ ፊቱ ሳይነካ አይወጣም፤ ብጉሩ ይጠፋል፣ የዓይኑ ሥር ይፈካል፣ አገጩም ትንሽ ይቀጥናል። ማንም አድርግልኝ አላለውም። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እሱ ነው። ደግነቱ እስከዚያ ቀን ድረስ የመረቀው እንጂ የረገመው አልነበረም።

አንድ ጠዋት ማዶ ሽንኩርት የምትቸረችረው ሴትዮ ገባች። አንድ ልጇን ከቀበረች ወር አልሞላትም።

«ጎረቤቴ ቤቷ ባለው ፕሪንተር አትማልኝ ነበር፤ ቀለሙ አልቆ ኖሮ ልጄን አረንጓዴ አደረጋት» አለች፣ ከልጇ ስልክ የወጣች ሚሞሪ እያቀበለችው። «ያለችኝ ፎቶ ይቺው ናት። ካሜራ ስታይ ፊቷን ታዞር ነበር። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል አድርገህ እጠብልኝ።»

ፎቶው ላይ ልጅቷ ቀጥ ብላ ታያለች። ከግራ ጆሮዋ ሥር እስከ ከንፈሯ ዳር ድረስ የተቃጠለ ቆዳ ተጨማዷል። አንጀቱን በላችው። በሕይወቷ ያላገኘችውን አሁን እንኳ ታግኝ ብሎ ጠባሳውን በቀኝ ጉንጯ ቆዳ ሸፈነው። ኮምፒውተሩ እንዳይሞላበት ቅጂ የማስቀረት ልማድ የለውም፤ የሠራውን እዚያው ሚሞሪው ላይ፣ በቀድሞው ፎቶ ቦታ ነው የሚተካው።

ሴትዮዋ ፎቶውን ይዛ በሩ ጋ ወዳለው ብርሃን ሄደች፤ ወዲያው ተመለሰች።

«ይቺ ማን ናት?»

«ልጅዎት ናት እኮ እማማ። ጉንጯን ትንሽ አስተካከልኩላት።»

«ልጄን መልሳት።»

ሚሞሪውን ከፈተ፤ ዘጋ፤ ደግሞ ከፈተ። የቀድሞው ፎቶ የለም።

«ስልኳ ላይስ?»

«አብሯት ተሰባብሯል።»

«አረንጓዴዋስ ፎቶ?»

«ቀድጄ ጣልኳት።»

ደግ አደርጋለሁ ብሎ ሴትዮዋን ሁለተኛ ሐዘን አስቀመጣት። በራሱ ተናደደ፤ እጁን ቢቆርጠው በወደደ።

«ግዴለም፣ መልሼ እስለዋለሁ» አለ። «ብቻ ያሳዩኝ፤ ከየት እስከ የት ነበር?»

ጎኑ ተቀምጣ ጣቷን ስክሪኑ ላይ አደረገች።

«ከጆሮዋ ሥር ይነሳል። እዚህ ጋ ይሰፋል። ድስቱ ከእጄ ሲያመልጥ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር፤ ገና መራመድ መጀመሯ ነው። ወደ ከንፈሯ ሲደርስ ይቀጥናል። እዚህ ጋ ጠቆር አድርገው፤ የፈላው ውሃ የበረታባት እዚህ ነው።»

እሱ ጣቷን እየተከተለ ቀለም ይጨምራል። ለስላሳው ጉንጭ ዓይኗ እያየ ቀላ፣ ጠቆረ፣ ተጨማደደ። ድንገት ጣቷ ቆመ።

«አጥፋው።»

«እማማ፣ እየመጣልን እኮ ነው!»

«አጥፋው አልኩህ! አንዴ አቃጥያታለሁ፤ ይበቃኛል።»

አጠፋው። ጉንጯ ለስላሳ የሆነውን፣ እናቷ የማታውቃትን ልጅ ፎቶ ጠቅልሎ ሰጣት። ደረቷ ላይ ለጥፋ ይዛው ወደ ሽንኩርቷ ተሻገረች።