ትልቁ መስመር ንጹህ ነው

ጉልቤ ይሉታል። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ስሙን ያወጡለት ድሮ ባዶ የውሃ ታንከር ብቻውን ተሸክሞ አራተኛ ፎቅ ሲወጣ ያዩት ናቸው። ኋላ ግን ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረቱን ይዞ የሚቆም ጉልቤ ሆነ። ከላይ ሲያዩት በሬ፣ ውስጡን ለቄስ!

ሚስቱ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሟ መርምራ ስታበቃ ሁለቱንም አስቀምጣ፣ «የልብዎ ጡንቻ ከልክ በላይ ወፍሯል። ትልልቆቹ የደም ሥሮች ግን ንጹህ ናቸው» አለችው።

«እሰይ! ትልቁ መስመር ከተከፈተ ሌላው ምን ይሆናል?» ብሎ ሸሚዙን መቆለፍ ጀመረ። የሙያ አመል ነዋ! ዕድሜ ልኩን ሥራ የሚያስረክበው የግቢውን ቧንቧ ከፍቶ፣ ውሃው ሲፈነጥቅ አሳይቶ ነው። ፎቅ ላይ ጠብታ ባይደርስ እሱ ምን ገዶት!

«ይቆዩ፣ አልጨረስኩም» አለች ሐኪሟ። «ጡንቻውን የሚመግቡት ጥቃቅኖቹ ሥሮች ናቸው። የእርስዎ ግን ጠብበዋል፤ ልብ ብዙ ደም ሲፈልግ አይሰፉም። እንዲህ የሆነበት ሰው ደግሞ ከሌላው የዚህ በሽታ ታማሚ ይበልጥ ለሕይወቱ ያሰጋል። መድኃኒቱን ይውሰዱ፤ ከባድ ነገር አያንሱ። በዘር ስለሚሄድ ወንድም እህት ካለዎት እነሱም ቶሎ መጥተው ይመርመሩ።»

አንድ ታናሽ ወንድም አለው። የሚሠሩትም አብረው ነው።

«ዛሬውኑ ንገረው» አለችው ሚስቱ፣ ገና ከበር ሳይወጡ።

«እነግረዋለሁ።»

ድንቄም! ወንድምየው ቤት ከዋለ ታንከሩን ማን ይሸከማል? ነገሩን በሆዱ ቀበረው። ሚስቱ ስትጨቀጭቀው ጊዜ፣ «ተመርምሮ ምንም የለብህም ተባለ» ብሎ አፏን አስያዛት። እሷም ባሏን አመነች።

ከዚያ ወዲያ ጉልቤ ታች ተቀምጦ ቧንቧ ይገጥማል፤ ሸክሙ ሁሉ የወንድምየው ሆነ። ያ የዋህ ደግሞ ደስታው! «ጋሼ፣ አንተ እንዳትነካ፤ እኔ አለሁልህ» ይለዋል።

አንድ ቀን ታንከሩን ደረጃው ሥር አስደግፎ ቆመ። «ጋሼ፣ ደረቴን ያዝ አደረገኝ። ትንሽ ልረፍ።»

ጉልቤ ክው አለ። ያን ጊዜ እንኳ ቢናገር ምን ነበረበት! እሱ ግን የቤቱ ባለቤቶች ቆመው እያዩ፣ «ልብህ አበጠ እንዴ? አግብተህ ሰነፍክ! በሽታዬንም ልትቀማኝ ነው? ያንተማ ትልቁ መስመር ወንዝ ነው፤ ውጣ!» አለው። ሰዎቹ ሳቁ። ወንድምየውም አፍሮ አብሯቸው ሳቀና ታንከሩን አነሳ።

ሦስተኛው ፎቅ ሳይደርስ ታንከሩ እየተንከባለለ ተመልሶ መጣ። እሱ አልተመለሰም። ሮጠው ሲደርሱ ደረጃው ላይ በአፍጢሙ ተደፍቶ፣ ትንፋሹ ተቋርጦ ነበር።

ልቅሶው ላይ የሟች ሚስት ጉልቤን ጠየቀችው፤ «ጋሼ፣ ሐኪሟ ያንተን ስትነግርህ ስለ እሱ ምንም አላለችም?»

ጉልቤ አንገቱን ደፋ። «ምንም አላለችም።»

የጉልቤ ሚስት ለለቀስተኛው ውሃ እያደለች ነበር። ጆጉን መሬት አስቀመጠችው።

«ተመርምሮ ምንም የለብህም ተባለ ብለኸኝ አልነበር?» አለችው። ወደ ሟች ሚስት ዞራ ተንበረከከችና፣ «ቶሎ ይምጣ ብላ ነበር እህቴ። እኔ እዚያው ነበርኩ» አለቻት።

ጉልቤ ሊነሳ ሞከረ። ደረቱን ይዞ መልሶ ቁጭ አለ። ክፍሉ ሰው ሞልቶበታል፤ ማንም አልደገፈው።