እትብት ቆራጯ ዳፑ

ዳፑ በዚያች የራጃስታን መንደር ሠላሳ ዓመት ሙሉ አዋልዳለች። እትብት መቁረጥ ያረክሳል ስለሚባል ዝቅ ተደርጎ ከሚታየው ከእሷ ወገን በቀር ምላጭ የሚያነሳ የለም። የባለርስቶቹን ልጆች አንድ ሳይቀር የተቀበለችው እሷ ናት። ሕፃኑን አጥባ እንዳስረከበች በጓሮ በር ትሸኛለች፤ የረገጠችው ወለልም እንዲነጻ የላም ሽንት ይረጭበታል። ለመወለድ ያላረከሰ እጅ በኋላ ከየት አምጥቶ እንደሚያረክስ እግዜር ይወቀው።

ዛሬ ልጇ ኬሱ ሙሽራ ነው። በባዝራ ተቀምጦ፣ በከበሮ ታጅቦ፣ በባለርስቶቹ ደጃፍ አልፎ ወደ ሙሽሪት መንደር ሊሄድ ቆርጧል። ከወገኑ እንዲህ ያደረገ የለም፤ በባዝራ መሄድ ለባለርስቶቹ ሙሽሮች ብቻ የተተወ ነው። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነው» እያሉ ጎረቤቶቿ አሟት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከዚያው ከባለርስቶቹ ግቢ ተጠራች፤ ምራቲቱን ምጥ ይዟት ነበር። ስትገባ የቤቱ ወንዶች ሙሽራውን ሊያግዱ ዱላ ይዘው ደጁ ላይ ቆመዋል።

ልጁ ወንድ ሆነ፤ አለቀሰም። ዳፑ እናቱ ሆድ ላይ አስተኛችውና ምላጩን እንደያዘች እጇን ሰበሰበች።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ቁረጪው እንጂ» አለቻት አሮጊቷ እመቤት፣ ሳጃን ከንዋር።

«ከበሮው ይለፍ፣ እሜቴ።»

«የማን ከበሮ?»

«የልጄ።»

እመቤቲቱ ፊቷ ጠቆረ። «እኔ ብቆርጠውስ?»

«ይቁረጡታ። ምላጩ ይኸው።»

እመቤቲቱ መርከሱን ፈርታ እጇን አልዘረጋችም። ሕፃኑ ትንሽ ቢዘገይ ምንም እንደማይሆን ዳፑ ታውቃለች፤ እመቤቲቱ አታውቅም። ቢሆንም ዳፑ ከልቧ ፈርታለች። ከበሮው ደጁ ጋ ደረሰና ቆመ።

እመቤቲቱ ወደ መስኮቱ ሄደች። «አሳልፏቸው» አለች። ወንዶቹ አጉረመረሙ። «አሳልፏቸው አልኩ እኮ፤ የልጁ እትብት ገና አልተቆረጠም።»

ከበሮው እንደገና ተመታ። የባዝራዋ ኮቴ ከመስኮቱ ሥር አልፎ ቀስ በቀስ ራቀ። ዳፑ እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ እትብቱን ቋጠረች፣ ቆረጠች፣ ሕፃኑን አጥባ አስረከበች።

እመቤቲቱ የልጅ ልጇን አቅፋ ትንሽ ወዘወዘችው። ድምጿ ለዘብ ብሏል።

«ልጅሽ ነገ ሙሽሪትን ይዞ በዚሁ ይመለሳል አይደል? ነገ የምትቆርጪው እትብት የለም።»

ዳፑ ምላጩን እንኳ ሳታነሳ፣ ኬሱን በዚህ እንዳይመለስ ልትነግረው ወጥታ ሮጠች። መንገዱ ላይ አቧራ እንጂ ሰው አልነበረም፤ ከበሮውም አይሰማም።