አጎቴ የሚሳለሟት ድንጋይ

የእናቴ ታላቅ ወንድም ከጨንቻ ወዲያ ካለው መንደራችን በላይ፣ ኮረብታ ላይ ያለ የፈረሰ ቤተ ክርስቲያን ይጠብቁ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ካሉት ነው፤ የቀረው ከጉልበት የማያልፍ የጥርብ ድንጋይ ግንብ ብቻ ነው። ማን እንደሠራው የሚያውቅ የለም። ቄሶቹም፣ መጽሐፉም፣ ቅዳሴውም በጥንት ዘመን ጠፍተዋል። የአጎቴ አባቶች ግን ከሥርዓቱ የቻሉትን ይዘው ቆዩ፤ እሑድ ጠዋት ጫማ ያወልቃሉ፣ በምዕራብ በኩል ይገባሉ፣ በበሩ ጥግ ያለችውን መስቀል የተቀረጸባትን ድንጋይ ይሳለማሉ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞረው ዝም ብለው ይቆማሉ። ቃሉ ስለጠፋ የሚሉት ነገር የለም።

የቀረነው ዘመድ ጴንጤ ነን። እናቴ "ወንድሜ ለድንጋይ ይሰግዳል" እያለች በየጸሎቱ ታለቅስላቸው ነበር።

አምና የመንደሩ ጸሎት ቤታችን ሲሠራ የሚገነባበት ድንጋይ ታጣ። ከወንዝ ማን ያመላልስ? "ያም የጌታ ቤት፣ ይህም የጌታ ቤት" ተባለና አጎቴ ገበያ በወረዱበት ቅዳሜ የኮረብታው ግንብ ተግዞ አለቀ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እነሱ ግን ማንንም አልናቁም፤ ባለቤት ያለው አልመሰላቸውም። እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ለምረቃው እኔም ከአርባ ምንጭ ወጣሁ። መዝሙሩ መሃል ላይ አጎቴ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። እናቴ ተንበርክካ አለቀሰች። መጋቢው "ሃሌሉያ! ዛሬ አንድ ነፍስ ዳነ!" ብለው ወረዱና እጃቸውን ጫኑባቸው። አጎቴ ግን ግድግዳውን ይዳስሱ ነበር። ስጠጋቸው በጋሞኛ፣ ቀስ ብለው፣ "የትኛዋ ናት?" አሉኝ።

ግድግዳው በሲሚንቶ ተለስኖ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ግንበኛውን ብጠይቀው መስቀል ያለባት ድንጋይ አላስተዋልኩም አለ፤ ምናልባት መሠረቱ ውስጥ ገብታ ይሆናል። ለአጎቴ ይህንን መንገር ከበደኝ፤ ነገርኳቸው ግን።

እናቴ ወንድሟ የዳነበትን ቀን እስከ ዛሬ በደስታ ትመሰክራለች። እሳቸው ከዚያ ወዲህ ወደ ኮረብታውም ወደ ጸሎት ቤቱም ሄደው አያውቁም። በቅርቡ እሑድ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"አጎቴ፣ አሁን የት ነው የሚጸልዩት?" አልኳቸው።

"መጸለይማ መቼ አውቅና ልጄ" አሉኝ። "እኔ የማውቀው እዚያ መቆም ነበር።"