የውርንጭላዋ ተረትና የኖዓም እግር

ልጅ ሳለሁ እኛ ቤት ፍም የሚባለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነበር። ቂርያት ሃዮቨል በሚባለው ሰፈር፣ ከላይኛው ፎቅ፣ የኢየሩሳሌም ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ፣ የእናቴ አባት አባ ታከለ የሳሎኑን መብራት ያጠፉና የማሞቂያው ዘንጎች እስኪቀሉ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በጎንደር ሳሉ ያለ እሳት ተረት ነግረው አያውቁም፤ እዚህ ደግሞ ጭስ ቢነሣ ጎረቤት እሳት አደጋ ይጠራብናል። ስለዚህ ያን የማያጨስ ፍም ፊታችን ያስቀምጡና፣ የተቃጠለ አቧራ እየሸተተን፣ ፊታቸው በግማሽ ቀልቶ በግማሽ ጨልሞ ይጀምሩልናል።

ያኔ እኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር፣ ወንድሜ ኖዓም ስድስት። ኖዓም አማርኛው ጥቂት ነው፤ ከእኛ ጋር በዕብራይስጥ ሲለፈልፍ ይውልና አባን ሲያይ ብቻ ወደ አማርኛ ይመለሳል፤ አንቱ ማለትንም ጨርሶ አልለመደም። የውርንጭላዋን ተረት ግን ከእኔ አብልጦ ያውቀዋል። አንዲት ውርንጭላ ከእናቷ ተለይታ ውሃ ልትጠጣ ትወርድና ማጥ ይይዛታል። ጅብ ከዳር ቁጭ ብሎ እስክትደክም ይጠብቃል። እሷ በአንዱ እግሯ ትገፋለች፣ በሌላው ትገፋለች፣ ጭቃው ይስባታል፣ እንደገና ትገፋለች። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ አባ ጸጥ ይላሉ፤ ኖዓምም ብርድ ልብሱን ገፍፎ «ወጣች!» ብሎ ይጮኻል። ያን ቃል አባ ራሳቸው ብለውት አያውቁም፣ የእሱ ድርሻ ነበር።

በዚያው ክረምት ኖዓም መውደቅ አበዛ። ደረጃ ላይ እግሩ ይታጠፍበታል፤ ጫማው ከጫፉ እየተበላ ያልቃል። መጀመሪያ ቀልቃላ ነው አልነው፣ ቀጥሎ ዐይን በልቶት ነው ተባለ፣ በመጨረሻ ያየችው ዶክተር የነርቭ ምርመራ ያስፈልገዋል አለች። የሚሆነውንም አልደበቀችንም። መጀመሪያ በቆዳው ላይ ኤሌክትሪክ ይሰጠዋል፤ ከዚያ መርፌ ጡንቻው ውስጥ ይገባል፤ መርፌው እዚያው እንዳለ እግሩን እንዲገፋ ይታዘዛል። መግፋት ስላለበት በማደንዘዣ ማስተኛት አይቻልም። «የበሽታውን ስም እናውቅ ይሆናል፤ መድኃኒት አለው ብዬ ግን ቃል አልገባላችሁም» አለች።

እናቴና አባቴ በዚህ ተጣሉ። አባቴ «መድኃኒት ለሌለው ነገር ልጄን በመርፌ አላስወጋም» ይላል። እናቴ «ልጄን ምን እየበላው እንደሆነ ሳላውቅ እንዴት እንቅልፍ ይወስደኛል?» ትለዋለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን አባቴን እጠላለሁ፣ በማግሥቱ ደግሞ እናቴን፤ ቤቱ እንደዚያ ሆኖ ከረመ።

ሰው ሲጣላ እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይቀመጣል። አባ ኔቬ ያዕቆብ ከሚባለው ሰፈር ጓደኞቻቸውን አስመጥተው ሳሎን ውስጥ ተቀመጡ፤ እንደ ማንኛውም የባልና የሚስት ጠብ ሁለቱንም ወገን አዳመጡ፤ በመጨረሻም አባ ፈረዱ። «እናትም አይክፋት፣ አባትም አይክፋው። አንዱ እግር ይመርመር፣ አንዱ ይቅር።»

እናቴና አባቴ ተነሥተው የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስመው ታረቁ። ዛሬ ለሰው ስነግረው ያስቃል፣ ያኔ ግን የሳቀ አልነበረም። ዕድሜያቸውን ሙሉ መሬትና ከብት ሲያካፍሉ የኖሩ ሰዎች ሕመምም የሚካፈል መሰላቸው። ዶክተሯ እንኳ አልሳቀችም፤ «እሺ፣ በአንዱ እንጀምር፤ መልሱ ካልጠራ ግን ወደ ሌላው እንሄዳለን» አለች። ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ከእኛ ወገን የሰማት ያለ አይመስለኝም።

ክሊኒኩ ከሃነቪኢም ጎዳና ገባ ብሎ ነበር። አባቴ ከኮሪደሩ ማለፍ አልቻለም። እናቴ የኖዓምን ትከሻ ያዘች፣ አባ በራስጌው ቆሙ፣ እኔም ከአባቴ ጋር አልቀርም ስላልሁ በሩ አጠገብ ወንበር ሰጡኝ። ኤሌክትሪኩን ቻለው፤ እግሩ በራሱ ሲዘል እንዲያውም ሊስቅ ቃጣው። መርፌው ሲገባ ግን ያን የመሰለ ጩኸት ከዚያ ትንሽ ገላ ይወጣል ብዬ አላስብም ነበር። ዶክተሯ «ግፋ፣ እግርህን ግፋ» ትለዋለች፣ እሱ ደርቆ ቀረ። ካልገፋ ደግሞ የሚነበብ ነገር የለም፤ መርፌው ወጥቶ እንደገና ሊገባ ነው።

አባ ተረት በቀን አይነገርም የሚሉ ሰው ነበሩ። በቀን ተረት ያወራ ከብቱ ይጠፋበታል ይሉን ነበር፣ እዚህ አገር አንዲት ዶሮ እንኳ ሳይኖራቸው። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብለው በጆሮው ይነግሩት ጀመር። ውርንጭላዋ ወረደች፣ ማጡ ያዛት፣ ጅቡ ቁጭ አለ። «ግፊ ልጄ፣ ግፊ!» ሲሉ ኖዓም እያለቀሰ ገፋ። ማሽኑ እንደ ቆሎ ተንጣጣ። ዶክተሯ ጎበዝ አለችው። አባ በላብ ተጠምቀው እስከ መጨረሻው አደረሷትና እንደ ልማዳቸው ጸጥ አሉ፤ ኖዓምም በሰለለ ድምፅ «ወጣች» አለ።

ዶክተሯ መርፌውን ነቅላ «አሁን ደግሞ ይሄኛው ጡንቻ» አለች።

አባ እናቴን አዩዋት፤ እናቴ ዐይኗን ጨፍናለች። ሌላ ምን ያድርጉ? «ውርንጭላዋ ግን እናቷን ስትፈልግ ተመልሳ ማጡ ውስጥ ገባች» አሉ።

ኖዓም ልቅሶውን አቁሞ ቀና ብሎ አያቸው።

«አባ፣ ወጥታ ነበር እኮ!»

«ገባች፣ ልጄ። ግፋላት።»

ገፋላት። ከዚያ በኋላ ሌላም ጡንቻ ነበር፤ አባም መልሰው ከተቷት። ልጅ በሰው ላይ ያለው እምነት ሲያልቅ ፊቱ ላይ ይታያል፤ እኔ አይቼዋለሁ።

ስንወጣ እንደ ልማዳችን ወደ ኢትዮጵያ ጎዳና ታጠፍን። አባ መሐል ከተማ በመጡ ቁጥር እዚያ የድንጋይ አጥር ጥግ ያርፋሉ፤ ቤተ እስራኤል ናቸውና ሃይማኖታቸው ባይሆንም እዚያ ካለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ የሚሰማው የጎንደር አማርኛ ደስ ይላቸዋል። የበሩ ጠባቂም የአገራቸው ሰው ነው። «ምነው አባቴ፣ ልጁን ምን ነካው?» ሲላቸው «ደክሞት ነው» አሉ። እጃቸውን ሲዘረጉለት ኖዓም ባቀፈው በአባቴ አንገት ሥር ፊቱን ቀበረ።

ከዚያ በኋላ ማሞቂያው ይበራል እንጂ ተረት አልነበረም። አንድ ምሽት አባ ገና አፋቸውን ሲከፍቱ ኖዓም ጆሮውን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ሄደ።

መልሱ አልጠራም፤ ዶክተሯ ሌላውን እግር ጠየቀች። በዚህኛው ሽማግሌ አልተጠራም። አባ «የአንድ ቀኑን ሥቃይ የሁለት ቀን አደረግሁበት፤ እኔን አትጠይቁኝ» ብለው አፋቸውን ያዙ፤ አባቴም መከራከሩ ደከመው። በዚያ ጠዋት እናቴ ኖዓምን እያለበሰች «አይዞህ፣ አባም አብረውህ ይገባሉ» ስትለው፣ ልጁ ሁላችንም እንድንሰማው በአማርኛ «አባ አይምጣ» አላት።

«ለምን የኔ ጌታ?»

«ደግሞ ያስገባታል።»

አባ የክት ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። «እውነቱን ነው» አሉ። ካፖርታቸውን አውልቀው ሰቀሉና ካልበራው ማሞቂያ ፊት ተቀመጡ። እኔ ከእናቴ ጋር ሄድሁ፤ በሩ አጠገብ ያው ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ። በዚያን ቀን ኖዓም ብዙም አልጮኸም። ግፋ ሲሉት ገፋ።

የበሽታው ስም ታወቀ። ረጅም ስም ነው፤ ያን ያህል የፈለገችው እናቴ እስከ ዛሬ ሳትደነቃቀፍ አትጠራውም። መድኃኒት አልነበረውም። አባ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሞቱ፤ ኖዓምም ጎልማሳ ሳይሆን ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባቴና እናቴ ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበረ ተነጋግረው አያውቁም፤ እኔም ልጆች ወልጄ እንኳ አላወቅሁትም።

በቅርቡ ኖዓምን ለጉዳይ ሃነቪኢም አድርሼው ስንመለስ በኢትዮጵያ ጎዳና ወንበሩን እየገፋሁ፣ ያን ምርመራ ታስታውሰዋለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት።

«መርፌውን ረስቼዋለሁ» አለኝ። «ግን ሁልጊዜ ልጠይቅሽ እያልሁ… በሁለተኛው ቀን አባ ለምን አልመጣም? ስጠብቀው ነበር» አለ።

«አባ አይምጣ» ማለቱን ጨርሶ አያስታውስም። ከኋላው በመሆኔ ፊቴን አለማየቱ በጀኝ። «እኛ ነን ያስቀረናቸው፤ እሳቸውማ ለብሰው ተነሥተው ነበር» አልሁት።

ያኔ በምሽት ከሰማኋቸው ተረቶች አብዛኞቹ ጠፍተውብኛል። አልጠፋ ያለኝ በዚያ በሁለተኛው ቀን መርፌ እግሩ ውስጥ ተሰክቶ፣ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ፣ ዐይኑን ሳይነቅል የቀረው ልጅ ነው። እኔን የሚያይ መስሎኝ እጄን አውለበለብሁለት።